ልጆቼ ይህን ጊዜ ካላስታወሱት ምን ዋጋ አለው?

የአንዲት እናት ጥያቄ፦ «የ4 ዓመት ወንድ ልጅና የ1 ዓመት ከ4 ወር ሴት ልጅ አሉኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት ሒሳብ ክፍል እሠራለሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ስወጣ ትንሿን ተኝታ ነው የምተዋት። ማታ ቤት የምደርሰው 1 ሰዓት አካባቢ ነው። ከዚያ እስኪተኙ ሁለት ሰዓት ቢኖረን ነው፤ እሱም በራት፣ በማጠብና በማስተኛት ያልቃል። ሰሞኑን ትንሿን ከሞግዚቷ ልቀበላት እጄን ስዘረጋ ፊቷን አዙራ የሞግዚቷ ትከሻ ላይ ልጥፍ አለች። ሌሊቱን ስነፋረቅ አደርኩ። ከዚያ ወዲህ ምንም እንዳያመልጠኝ ማታ ማታ በስልኬ እቀርጻቸዋለሁ። አማቴ ‹በዚህ እድሜ ልጅ ምንም አያስታውስም፣ ምን አስጨነቀሽ› ይሉኛል። ባለቤቴ ሥራውን ልቀቂ፣ እንደምንም እንኖራለን ብሎኛል። ልጆቼ የሞግዚት ልጆች ሆነው እየቀሩብኝ ነው? ይህን ጊዜ ካላስታወሱትስ ምን ዋጋ አለው? ሥራዬን ልልቀቅ?»

የባለሙያ ምላሽ፦

ሥራሽን በዚህ ምክንያት አትልቀቂ። ለመልቀቅ የሚያበቃ ሌላ ምክንያት ሊኖር ይችላል፤ እሱን ወደ ታች አነሳዋለሁ። ልጅሽ አንድ ማታ ፊቷን ስላዞረች ግን ሥራ አይለቀቅም። ጥያቄሽ ውስጥ ተገቢ ስጋትና የተሳሳተ ግምት ተደባልቀዋል።

ከትከሻው ልጀምር። የ1 ዓመት ከ4 ወር ልጅ ማታ 1 ሰዓት ላይ ደክሟታል። እንቅልፏም እየመጣ ነው። ያለችበት ክንድ ደግሞ ሞቋታል። አንቺ ከውጭ ገብተሽ፣ ቦርሳሽን እንዳንጠለጠልሽ፣ ቀኑን ሙሉ በናፈቀ ሰው ችኮላ እጅሽን ትዘረጊያለሽ። ፊቷን ያዞረችው ስለማትፈልግሽ አይደለም። በዚህ እድሜ ያለ ልጅ ከአንድ ሰው እጅ ወደ ሌላው ለመሻገር ትንሽ ጊዜ ያስፈልገዋል። እንዲያውም ያየሽው ነገር ደስ ሊያሰኝሽ ይገባል፤ ልጅሽ ቀኑን ሙሉ አብራት የምትውለውን ሰው ታምናታለች። የሚያስፈራው ተቃራኒው ነበር። ሞግዚቷን ስታይ ብትሸማቀቅ፣ ከእሷ እጅ ለመውጣት ብትታገል፣ ያኔ በዚያው ሳምንት ጉዳዩን አጣሪ እልሽ ነበር።

«ሞግዚቷን ከወደደች እኔን ትታኛለች» የሚለው ሒሳብም አይሠራም። የእናትና የልጅ ቁርኝትን በማጥናት የታወቀችው ሜሪ ኤንስወርዝ እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 ኡጋንዳ ውስጥ፣ ካምፓላ አቅራቢያ ባሉ መንደሮች ቤት ለቤት እየሄደች ሕፃናትን ተከታትላ ነበር። ልጅ በአያት፣ በታላቅ እህትና በዘመድ እጅ የሚያድግበት አገር ነው፤ ልክ እንደኛው። ሕፃናቱ ከእናታቸው ሌላ ሰውም ይወዱ ነበር፤ እናታቸውን ግን አልተዉም። ከዚያ ጥናት ለአንቺ የሚጠቅም አንድ ነገር ልንገርሽ። ስለ ልጃቸው ሲጠየቁ ጥቃቅኑን ሳይቀር በዝርዝር የሚተርኩ እናቶች ልጆች ይበልጥ የተረጋጉ ሆነው ተገኝተዋል። ስለዚህ ማታ ስትገቢ ሞግዚቷን «በላች? ተኛች?» ብለሽ ብቻ አትለፊያት። ዛሬ ምን አሳቃት? ወደ ምን ጠቆመች? ምን ሲነጠቅ አለቀሰች? ብለሽ ጠይቂያት። እነዚህን ስታውቂ ልጅሽን ካቆመችበት መቀጠል ትችያለሽ። ጠዋት ግቢ ውስጥ ዶሮ ስታባርር ከዋለች፣ ማታ «ዶሮዋስ የታለች?» ስትያት ፊቷ ላይ የሚሆነውን ታያለሽ።

በሩ ላይ ያለውንም እንዲህ ቀይሪው። ስትገቢ ዘለሽ አትንጠቂያት። ቦርሳሽን አስቀምጪ፣ እጅሽን ታጠቢ፣ ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ በይ። ከሞግዚቷ ጋር በለሰለሰ ድምፅ አውሪ። ልጅቱ ይህን ስታይ ራሷ ትመጣለች፤ ደቂቃዎች ቢወስድ ነው። «ረሳሽኝ? ጠላሽኝ?» የሚለውን ቃል ለቀልድም ቢሆን አትበያት። በቅናት ተነሳስተሽ ሞግዚቷን እንዳትቀይሪም አደራ። ይህን አጥብቄ የምለው ብዙ ቤት ስለማየው ነው። ልጁ ሠራተኛዋን ሲለምዳት እናት ይከፋታል፤ ትሰናበታለች፣ ሌላ ትመጣለች፣ እሷም ስትለመድ ትሄዳለች። ልጅን የሚጎዳው ሞግዚት መውደዱ አይደለም፤ የወደዳቸው ሰዎች በየጥቂት ወሩ መጥፋታቸው ነው።

አሁን ወደ ማስታወሱ። አማትሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል። አብዛኛው አዋቂ ሰው ወደ ኋላ ሄዶ የሚያስታውሰው የመጀመሪያ ነገር 3 ዓመት ወይም 3 ዓመት ተኩል ገደማ የሆነው ነው። ከዚያ በፊት ያለው ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ያለውም ቢሆን እየሳሳ ይሄዳል። በአሜሪካ ፓትሪሺያ ባወር የምትባል ተመራማሪ ልጆች በ3 ዓመታቸው ከእናታቸው ጋር ያወሩትን ነገር ካደጉ በኋላ መልሳ ጠይቃቸው ነበር። ከ5 እስከ 7 ዓመት ያሉት ከ60 በመቶ በላይ አስታወሱ። 8 እና 9 ዓመት የሞላቸው ግን ያስታወሱት ከ40 በመቶ በታች ነው። ስለዚህ ትልቁ ልጅሽ አሁን በደንብ የሚያስታውሰውን ብዙ ነገር በኋላ ይረሳዋል። ትንሿ ደግሞ ያሁኑን ማታ ፈጽሞ አታስታውሰውም። ይህን ልሸፋፍንልሽ አልፈልግም።

ነገር ግን አለማስታወስና አለመቅረት ይለያያሉ። መራመድ የተማረበትን ቀን የሚያስታውስ ሰው የለም፤ እግሩ ግን ይሄዳል። ልጅሽ አሁን የምትይዘው እንዲህ ያለውን ነው። ስጣራ የሚመልስልኝ ሰው አለ፣ ሳለቅስ የሚያነሳኝ አለ፣ ስጠቁም አብሮኝ የሚያይ አለ። ድምፅና ቃል የምትለምደው በዚህ ነው። ሰውን ማመንም የምትለምደው በዚህ ነው። የምትታጠብበት ሳፋ ይረሳል፤ ሳፋው አጠገብ ስትስቅ አብሯት የሚስቅ ሰው እንደነበረ ግን ጠባይዋ ውስጥ ይቀራል። አማትሽ «አያስታውስም» ያሉት ልክ ነው፤ «ምን አስጨነቀሽ» ያሉት ግን ከዚያ አይከተልም።

ለትልቁ ልጅሽ ደግሞ ማስታወስን ራሱን ልታግዢው ትችያለሽ። ሮቢን ፊቩሽና ኢሌን ሪስን የመሳሰሉ ተመራማሪዎች እናቶች ከልጆቻቸው ጋር ስላለፈ ነገር እንዴት እንደሚያወሩ ለዓመታት አጥንተዋል። አንዷ እናት «ዛሬ ምን ተማርክ?» ትላለች። ልጁ «ምንም» ይላል። ጨዋታው እዚያው ያልቃል። ሌላዋ እንዲህ ትላለች፦ «ቅዳሜ አክስትህ ቤት ቡና ሲፈላ ፈንዲሻው ምን ሆነ?» «ተደፋ!» «ማን ደፋው?» «እኔ። ሰሃኑ ከበደኝ።» «ከዚያስ? አክስትህ ምን አሉ?» «ሳቁ። ድመቷም መጣች።» «ድመት ፈንዲሻ ትበላለች እንዴ?» እንዲህ የሚያወሩ እናቶች ልጆች የበለጠ ያስታውሳሉ፤ የሆነውንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስተካክለው መንገር ይችላሉ። በኒውዚላንድ የማኦሪ ተወላጆች የመጀመሪያ ትዝታ በአማካይ ወደ 2 ዓመት ከ8 ወር ገደማ ይደርሳል፤ ያለፈን ነገር መተረክ ትልቅ ቦታ ያለው ሕዝብ ስለሆነ ነው የሚል ማብራሪያ ይሰጥበታል። እኛ ቤት ተረት አይጠፋም። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» የማይል ልጅ የለም። የልጁን የራሱን ቀን ግን ብዙ አንተርክለትም። ይህን ጨምሪበት። መብራት ከጠፋ በኋላ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለሽ የዛሬን አንድ ነገር አብራችሁ አውሩ። አይመርመር፣ አይታረም። ድመቷ ነጭ ናት ካለ ነጭ ትሁን።

ስለ ሰዓቱ ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከ3 እስከ 11 ዓመት ያሉ ልጆችን ተመልክቶ ነበር። እናት ከልጆቿ ጋር የምታሳልፈው የሰዓት ብዛት ከልጆቹ ጠባይ፣ ከስሜታቸውና ከትምህርት ውጤታቸው ጋር ግንኙነት አላሳየም። ይህን ጥናት አንዳንዱ «ጊዜ ምንም አይደለም» ብሎ ይተረጉመዋል፤ እንዲያ አላለም። ከ3 ዓመት በታች ያሉትን አላየም፤ የሌላ አገር ቤተሰቦችን ነው ያየው፤ ጭራሽ አለመኖርን አልፈተነም። የሚነግረን ይህን ያህል ነው፦ ሰዓት መቁጠር የልጅሽን ነገ አይነግርሽም።

ደግሞም በእነዚያ ሁለት ሰዓታት ውስጥ ፍጹም መሆን አይጠበቅብሽም። ኤድ ትሮኒክ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እናትና ሕፃን ፊት ለፊት ሲጫወቱ እየቀረጸ ሲያጠና፣ ሁለቱ የሚገጣጠሙት ከጊዜው ሲሶ ያህሉን ብቻ መሆኑን አገኘ። የቀረውን ይተላለፋሉ። ሕፃኑ ይስቃል እናት አላየችም፤ እናት ታወራለች ሕፃኑ ጣሪያ ያያል። ከዚያ እንደገና ይገናኛሉ። ጤነኛ ልጅ የሚያድገው በዚህ መተላለፍና መልሶ መገናኘት ውስጥ ነው። እናት ሽንኩርት እየከተፈች ጀርባዋን ብትሰጥ ችግር የለም፤ ዞር ስትል ካየችው ይበቃል።

ከደብዳቤሽ ሁሉ ያሳዘነኝ «እሱም በራት፣ በማጠብና በማስተኛት ያልቃል» ያልሽው ነው። ሥራ አድርገሽ ቆጠርሽው እንጂ፣ ከልጆችሽ ጋር ያለሽ ጊዜ ማለት እኮ ይኸው ነው። ትንሿ ሳፋ ውስጥ ቁጭ ብላ ውሃውን በመዳፏ ትመታለች። ከዚያ ቀና ብላ ታይሻለች። ያቺ እይታ ጥያቄ ናት። «ጧ!» ካልሻት ደግማ ትመታለች። ደግመሽ «ጧ!» ትያለሽ። አምስት ስድስት ጊዜ ትመላለሳላችሁ። ልጅ የሚያድገው በእንዲህ ያለ መቀባበል ነው፤ ሳሙናውም በዚያው ይለቃል። ቫዝሊን ስትቀቢያት የእግሯን ጣቶች አንድ በአንድ እየያዝሽ ስም ጥሪላት። ነጠላሽን ፊትሽ ላይ ጥለሽ ግለጪው፤ በዚህ እድሜ ከዚህ የሚያስቃት ጨዋታ ብዙ የለም። ትልቁ ምስር ይልቀም፣ ነጭ ሽንኩርት ይላጥ። ያዘገይሻል፣ አውቃለሁ። ለእህቱ እንዲያጎርሳት ፍቀጂለት፤ ግማሹ አገጯ ላይ ይቅር። ሹሩባዋን ቅዳሜ የምትሠሪላት ከሆነ አትቸኩዪ፤ ጭንቅላቷ ጭንሽ ላይ ያረፈበት ጊዜ ነው። ለዚህ ሁሉ የሚጨመር ሰዓት የለም። ያው ሰዓት ነው፤ ዓይንሽና ድምፅሽ ግን እዚያው ይሁኑ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ አለ። ሳፋው ውስጥ መጀመሪያ ቀዝቃዛውን ውሃ ጨምሪ፣ ከዚያ ፍሉን። ልጅን ውሃ ውስጥ ትተሽ ስልክ ለማንሳትም ቢሆን አትነሺ፤ ትንሽ ውሃ ሕፃን ያሰጥማል። ትልቁን ወጥ ቤት ስታስገቢው ጀበናና ከሰል፣ የፈላ ድስትም ከእጁ ይራቁ። ሌላው፣ ጊዜ ለመካስ ብለሽ እንቅልፋቸውን አትንኪ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ 1 እና 2 ዓመት ላይ ያሉ ልጆች የቀኑን ጨምሮ ከ11 እስከ 14 ሰዓት፣ 3 እና 4 ዓመት ላይ ያሉት ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት አለባቸው። ከልጆቼ ጋር ልሁን ብላ እስከ 5 ሰዓት የምታስመሽ እናት ጠዋት የሚነጫነጭ ልጅ ለሞግዚቷ ታስረክባለች።

ቪዲዮውን ቀንሺው። ትሮኒክ ሌላም ነገር አሳይቶ ነበር። እናት ለጥቂት ደቂቃ ፊቷን እንዲሁ ድርቅ ስታደርግ ሕፃኑ ይስቅላታል፣ ይጠቁማል፣ ይጣራል፤ መልስ ሲያጣ ይረበሻል። ስልክ ይዞ መቅረጽ ያን ያህል ከባድ አይደለም። ግን ልጅሽ ውሃውን መትታ ቀና ስትል የምታየው የስልክሽን ጀርባ ከሆነ፣ ለጥያቄዋ መልስ አልሰጠሽም። የአንቺም ትዝታ ቢሆን ካሜራው ስለያዘልሽ ብቻ አይጠነክርም። እ.ኤ.አ. በ2014 ሊንዳ ሄንክል ባወጣችው ጥናት በሙዚየም ውስጥ ዕቃዎችን ፎቶ ያነሱ ሰዎች፣ እንዲሁ ከተመለከቱት ያነሰ አስታውሰዋል። ሙዚየምና የልጅ ሳቅ አንድ አይደሉም፤ «ስልኩ ይዞልኛል» ብሎ መዘናጋቱ ግን ያው ነው።

በሳምንት አንድ አጭር ቪዲዮ በቂ ነው። እሑድ ከትልቁ ጋር ሆነሽ እዪው፣ እሱ ይተርክ፣ አንቺ ጠይቂው። ለትንሿ አታሳዪአት፤ 2 ዓመት ሳይሞላት ስክሪን አይመከርም፤ ለትልቁም በጠቅላላው በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ እንዳይሆን። የሚቀመጠውን ደግሞ ሌላ ቦታም ገልብጪው፤ ታክሲ ውስጥ ስልክ ሲሰረቅ የልጆቹ ዕድሜ አብሮ ይሄዳል። ከቪዲዮ ይልቅ አንድ ደብተር ግዢ። ልጅሽ ቃል ሲያጣምም፣ ማንኪያውን «ናንኪያ» ሲል፣ ቀኑን ጽፈሽ አስፍሪው። አንድ መስመር ይበቃል።

አሁን ሥራው። የምትለቂው ሁለቱም ልጆች እስኪጠነክሩ ቤት መዋል ከልብሽ ስለምትፈልጊ ከሆነ፣ ገቢውም ከቻለ፣ የተከበረ ምርጫ ነው፤ ማንም ሊከለክልሽ አይገባም። ልጅ ታሞ የቅርብ ክትትል ከፈለገ፣ ወይም የሚታመን ሰው ከጠፋም ትክክለኛ ምክንያት ነው። ጥፋተኛ ነኝ ከሚል ስሜት ሸሽተሽ ከሆነ ግን ስሜቱ ቤት ይከተልሻል፤ የቤት ኪራይ ጭንቀት ይጨመርበታል፤ ያንን ጭንቀት ልጆቹ ፊትሽ ላይ ያዩታል። ባለቤትሽ ልቀቂ ከማለቱ በፊት ማታ 1 ሰዓት ላይ የት እንዳለ ማወቅ እፈልጋለሁ። ደብዳቤሽ ውስጥ ራት ሲሠራም ሲያጥብም አላየሁትም። አንቺ ስታጥቢ እሱ ራቱን ያቅርብ፤ በማግስቱ ተለዋወጡ። ይህ ብቻውን የማታችሁን መልክ ይቀይረዋል።

ድካም ወይም ጥፋተኝነት ብለሽ የማታልፊው ነገርም አለ። ለሁለት ሳምንት ያህል አብዛኛውን ቀን ካለቀስሽ፣ ልጆቹ ሲስቁ እንኳ ምንም ደስታ ካልተሰማሽ፣ እነሱ ተኝተውም እንቅልፍ እምቢ ካለሽ፣ ወይም መኖር የማትፈልጊበት ሐሳብ ከመጣብሽ፣ ይህ የመንፈስ ጭንቀት ሊሆን ይችላል። በአቅራቢያሽ ወዳለ ጤና ጣቢያ ሂጂና ንገሪያቸው፤ አማኑኤል ሆስፒታልንም የመሰለ አገልግሎት አለ። መኖር ያለመፈለግ ሐሳቡ ካለ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ በዚያው ቀን ሂጂ። ትንሿም ብትሆን በስሟ ስትጠራ ዞር ካላለች፣ በጣቷ ምንም ነገር ካልጠቆመች፣ ሞግዚቷንም ጨምሮ የማንንም ዓይን ካላየች፣ ለሕፃናት ሐኪም አሳዪአት። ያ የእናት ጊዜ ማጣት የሚያመጣው ችግር አይደለም፤ ሥራ መልቀቅም አያድነውም።

እነዚህ ከሌሉ ምክሬ ይኸው ነው። ለሁለት ወር ሥራሽ ላይ ቆዪ። ማታ ከገባሽበት ሰዓት ልጆቹ እስኪተኙ ስልክሽ መሳቢያ ውስጥ ይቆለፍ። ከራት፣ ከማጠብና ከማስተኛት አንዱን በየቀኑ ሳትቸኩዪ ሥሪው፤ ሌላው ቢጓደልም ይጓደል። ጠዋት ትልቁ ነቅቶ ካገኘሽው ተደብቀሽ አትውጪ፤ ስመሽው፣ ማታ እንደምትመጪ ነግረሽው ሂጂ። ለአለቃሽ ደግሞ በጽሑፍ ጠይቂ፦ በሳምንት ሁለት ቀን አንድ ሰዓት ቀድሜ ልግባና ቀድሜ ልውጣ። የወሊድ ፈቃድሽ አልፏል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ነው የሚሰጠው። ስለዚህ የሰዓቱ ነገር በድርድር የሚገኝ ነው። ሒሳብ ክፍል ደግሞ የወር መዝጊያው ካለፈ በኋላ የተሻለ ይተነፍሳል፤ ጥያቄሽን ያኔ አቅርቢ።